የማን ነህ? የፖለቲካ ኅብረት ደጋፊዎች በአማርኛ የሚጠሩባቸው ቃላት፤ በይበልጥ ከአሶሳ የተወሰዱ ምሳሌዎች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፖለቲካ ድርጅቶች ተባብረው የሚያቆሙትን ኅብረት የሚደግፉ ሰዎች በአማርኛ በምን በምን ስም እንደሚጠሩ፣ ስሞቹም ከየት እንደ መጡና ምን ሐሳብ እንዳዘሉ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹን በይበልጥ የወሰድሁት ከአሶሳና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛው፣ ያደግሁበት አገር በመሆኑ የቃላቱን ጣዕም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ስለማውቀው ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፣ «አጋር» የሚለው ቃል በአገራችን የፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የከበደው እንደ አሶሳ ባሉ ከተሞች በመሆኑ ነው።

የነገሩ መነሻ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የተሰጠን የትርጉም መልመጃ ነው። የታሪክ መምህራችን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካስተማሩን በኋላ፣ በአንድ ወገን ሆነው የተዋጉ መንግሥታት እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባሉ በአማርኛ እንድንጽፍ አዘዙን። አንዱ «ወዳጅ» አለ፤ ሌላው «የጦር ጓደኛ» አለ፤ ሦስተኛው «ዘመድ» ብሎ ጻፈ፤ እኔ «ተባባሪ» አልሁ። መምህሩ አራቱንም በሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያበቁ፣ «እነዚህን ተባባሪዎች ከሩቅ ሆኖ የሚደግፈውን ሰውዬስ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ከክፍሉ መልስ የሰጠ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ወደ አሶሳ ስመለስ ይህን ጥያቄ ይዤ ሽማግሌዎችን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያገለገሉ ሰዎችን፣ የገበያ ነጋዴዎችንና የራሴን ዘመዶች ጠየቅሁ። የሰማሁትንና ያነበብሁትን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ሀ. ሰው በሰው ሲጠራ

በድሮው የአማርኛ አነጋገር አንድ ሰው የሚደግፈው ድርጅትን ሳይሆን ጌታን ነበር። ስለዚህም ጥያቄው «የየትኛው ወገን ነህ?» ሳይሆን «የማን ሰው ነህ?» የሚል ነበር። መልሱም «የራስ እገሌ ሰው ነኝ» የሚል ነው። «ሎሌ»፣ «አሽከር»፣ «ተከታይ»፣ «ባለሟል» የሚባሉት ስሞች ሁሉ ሰውን በጌታው የሚያስታውቁ ናቸው፤ ልዩነታቸው የቅርበት ልዩነት ነው። ባለሟል በጌታው ዘንድ ሞገስ ያገኘ ነው፤ ሎሌው አገልጋይ ነው፤ ተከታዩ ግን ቀኑ ሲለወጥ ሌላ ሊከተል ይችላል። ሁለት ጌቶች በተስማሙ ጊዜ የሁለቱም ሰዎች ተስማሙ ይባላል እንጂ፣ ለስምምነቱ ደጋፊ የተለየ ስም አልነበረውም።

ይህ አጠራር በቤኒሻንጉልም ይታያል። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ከዘመቱ በኋላ የአካባቢው ሼኾች ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ጀመር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የወሰን ውል ደግሞ አገሩን ከሱዳን ለይቶ በኢትዮጵያ በኩል አጸናው። ከሼኾቹ ሁሉ ስማቸው የገነነው የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አልሐሰን ነበሩ። በዚያ ዘመን የአንድ መንደር ሰው «የሼኽ ኾጀሌ ሰው» ሲባል፣ ሼኹ ከማን ጋር እንደ ተስማሙ አብሮ መናገር ነበር። ከላይ ሆኖ የሚያየው የአዲስ አበባ ሹም ግን ያንኑ ሰው «ገባር» ይለዋል። አንድ ሰው ከታች «ሰው»፣ ከላይ «ገባር» ነው ማለት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚሁ ጠረፍ ሁለት ሌሎች ስሞችም ይገኛሉ። አንደኛው የሱዳን መሐዲ ተከታዮች ስም ነው። እነሱ ራሳቸውን «አንሳር» ይሉ ነበር፤ ትርጉሙ በአረብኛ ረዳቶች ማለት ሲሆን፣ ነቢዩ መሐመድን በመዲና ተቀብለው የረዱት ሰዎች የተጠሩበት ስም ነው። መሐዲው «ደርቪሽ» የሚለውን ስም ከልክለው «አንሳር» እንዲባል አዘዙ። በአማርኛ የቀረው ግን የተከለከለው ስም ነው፤ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ጦርነት እስከ ዛሬ የሚነገረው ከ«ድርቡሽ» ጋር እንደ ተደረገ ነው። ሁለተኛው «ወታዊጥ» የሚለው ነው። ይህ ስም ከሱዳን ከመጡ ነጋዴዎችና ከበርታ እናቶች ለተወለዱት የቤኒሻንጉል ገዥ ቤተሰቦች የተሰጠ ሲሆን፣ በአረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። የሌሊት ወፍ በተረት ከአዕዋፍም ከአራዊትም ወገን የማትቆጠር ፍጥረት መሆንዋን ሁሉ ያውቃል። ከሁለቱ ምሳሌዎች የምንማረው፣ በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው ራሱን የሚጠራበት ስምና ሌሎች የሚጠሩበት ስም እንደማይገናኙ ነው።

ለ. «ባንዳ» እንዴት ስድብ እንደ ሆነ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ጊዜ የደጋፊ ስሞች በሁለት ተከፈሉ። «ባንዳ» የሚለው ቃል በጣልያንኛ ጓድ ወይም ጭፍራ ማለት ነው፤ ለጣልያን ከመደበኛው ጦር ውጪ የሚዋጉ የአገር ተወላጆች ጭፍራ ስም ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው የደመወዝ መዝገብ ላይ ስድብነት አልነበረውም። በአማርኛ ግን አገሩን ለጠላት የሸጠ ሰው ማለት ሆነ፤ ዛሬም ከዚህ የከፋ የፖለቲካ ስድብ አይገኝም። በአንጻሩ «አርበኛ» ከፍ አለ፤ በጣልያን ከተማ ውስጥ እየኖረ አርበኞችን በስውር የሚረዳው ደግሞ «የውስጥ አርበኛ» ተባለ። ይህ የመጨረሻው ስም ለጥናታችን ጠቃሚ ነው። መሣሪያ ሳይዝ፣ በጦሩ ሳይቆጠር፣ የአንድን ወገን ድል የሚሻና የሚያግዝ ሰው በክብር የተጠራበት ስም ነውና።

አሶሳ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የያዙት በቤልጅግ መኮንኖች የሚታዘዙ የኮንጎ ወታደሮች ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ፣ የአሶሳ ሰው እነዚህን እንግዶች ምን ብሎ እንደሚጠራ ስለ ቸገረው «የእንግሊዝ ሰዎች» ይላቸው ነበር አሉኝ። ቤልጅጎቹም ኮንጎዎቹም እንግሊዞች አይደሉም። ሕዝቡ ግን «የማን ሰው» የሚለውን የድሮ ሥርዓት ለመንግሥታት ኅብረት ተጠቀመበት፤ ከኅብረቱ መካከል ትልቁን መርጦ ሌሎቹን የእርሱ ሰዎች አደረጋቸው። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላም አልጠፋም።

ሐ. ከእርሻና ከአካል የመጡ ቃላት

የፖለቲካ ድርጅቶች ሲበዙ የኅብረቶቻቸው ስሞችም በዙ። ስሞቹን ብንመረምር አብዛኞቹ ገበሬ የሚያውቃቸው ሆነው እናገኛቸዋለን።

«ቅንጅት» ቀነጀ፣ አቀናጀ ከሚለው ግስ የመጣ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ፣ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ሲያውል ስምምነቱ «መቀናጆ» ይባላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ገበሬዎች ይህን ሥራ ከነስሙ ያውቁታል። በመቀናጆ በሬዎቹ ቀን አብረው ያርሳሉ፤ ማታ ግን እያንዳንዱ ወደ ጌታው በረት ይገባል። የአንዱ በሬ ቢሞት ቅንጅቱ ይፈርሳል እንጂ የሌላው በሬ አይወሰድም። ለፖለቲካ ቅንጅት ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

«ግንባር» የፊት አካል ስም ሲሆን፣ ጦር ከጦር ጋር የሚጋጠምበት ስፍራ ማለት ሆኖ፣ በመጨረሻም ብዙ ድርጅቶች በአንድ ፊት የሚታዩበትን ኅብረት ለመጥራት ዋለ። ግንባር አንድ ነው፤ ከኋላው ያለው አካል ግን ብዙ ክፍል አለው። «ውህደት» ተዋሐደ ከሚለው የመጣ ነው፤ ሁለቱ አንድ ሆኑ፣ ከእንግዲህ ለየብቻ አይቆጠሩም ማለት ነው። «ኅብረት»፣ «ጥምረት» እና «መድረክ» የሚባሉትም በድርጅት ስምነት ውለዋል።

እነዚህ ቃላት በሕግም ቦታ አግኝተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫና የፖለቲካ ፓርቲዎች ዐዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች በውህደት፣ በግንባር ወይም በቅንጅት ሊሰባሰቡ እንደሚችሉ ይደነግጋል። እንግዲህ ለኅብረቱ ዓይነት ሦስት የተለዩ ስሞች ሲኖሩን፣ ኅብረቱን ለሚደግፈው ዜጋ የተለየ ስም የለንም። «አባል» ወይም «ደጋፊ» ብለን እናልፋለን። አባል የአንድ ድርጅት ነው። ደጋፊ የሚለው ደግሞ ሊወድቅ የተንጋደደን ቤት ወይም ግድግዳ በእንጨት ደገፈ ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ፣ ውጪ ቆሞ የሚያግዝ ማለት ነው። ድጋፉ ቤቱን ያቆማል፤ ከቤቱ ክፍሎች ግን አይቆጠርም።

መ. «ሂሳዊ ድጋፍ»

በአማርኛ የኅብረት ደጋፊን አቋም በጥንቃቄ ለመለካት የተደረገው ሙከራ በአብዮቱ ዘመን ነው። መኢሶን የደርግን መንግሥት በተመለከተ የያዘውን አቋም «ሂሳዊ ድጋፍ» ብሎ ሰየመው፤ እየነቀፉ መደገፍ፣ እየደገፉ መንቀፍ ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም. መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና ሰደድ «የኢትዮጵያ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅቶች ኅብረት» በሚል ስም ተሰባሰቡ፤ ባጭሩ ኢማሌድኅ ይባላል።

ቃሉ ለብልህ ሰው የሚስማማ ነው፤ ነገር ግን ከሁለት ወገን ተመታ። ኢሕአፓ ለደርግ ድጋፍ የሰጡትን ምሁራን በጣልያን ጊዜው ስም «ባንዳ» አላቸው። ደርግ ደግሞ ድጋፉን እንጂ ሂሱን አልፈለገም፤ መኢሶን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኅብረቱን ትቶ ወደ ኅቡዕ ገባ፤ ብዙ አባሎቹም ተያዙ፣ ተገደሉ። ከዚህ እንደምንረዳው ቃሉ የጠፋው የቋንቋ ጉድለት ኖሮበት አይደለም። ነቅፎ የሚደግፍ ሰው የሚቆምበት ስፍራ ስለ ጠፋ ቃሉም አብሮ ጠፋ። ለአንድ አቋም ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ከባዱ ስሙን ይዞ በሕይወት መኖር ነው።

ሠ. «አጋር»

አሁን ወደ አሶሳ ዋና ቃል ደርሰናል። አጋር በተራው አማርኛ ረዳት፣ አብሮ የሚቆም ሰው ማለት ነው። «አጋር የሌለው» ሲባል ብቸኛ፣ ረዳት ያጣ ማለት ነው። እንግዲህ በራሱ መልካም ቃል ነው።

ኢሕአዴግ አራት አባል ድርጅቶች ነበሩት፤ እነሱም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የሚሠሩ ናቸው። በአፋር፣ በሶማሌ፣ በጋምቤላ፣ በሐረሪና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልሎች የሚገዙት ድርጅቶች ግን «አጋር ድርጅቶች» ይባሉ ነበር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 500፣ አጋሮቹ 46 አገኙ፤ ከ46ቱ 9ኙ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ናቸው። በምክር ቤት አጋሩና አባሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው እጅ ያወጡ ነበር።

ልዩነቱ የሚታየው በግንባሩ ቤት ውስጥ ነው። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 ሰዎች ነበሩት፤ ከአራቱ አባል ድርጅቶች ከእያንዳንዱ 45። ሥራ አስፈጻሚው 36 ነበር፤ ከእያንዳንዱ 9። አጋሮች በሁለቱም ድምፅ አልነበራቸውም። የግንባሩ ሊቀ መንበር የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለሚሆን፣ መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ ሊቀ መንበር ሆነው ሲመረጡ፣ ከ108ቱም ከተቃወሙትም መካከል የአሶሳ ድርጅት ድምፅ አልነበረበትም።

ይህን ነገር ለዜጋው ብናወርደው እንዲህ ይሆናል። የአሶሳ ሰው ግንባሩን ቢወድ እንኳ በምርጫ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የአጋሩን ዕጩ ነው። ለአጋሩ ድምፅ ይሰጣል፤ አጋሩ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ግንባሩን ይደግፋል፤ ግንባሩ ግን መሪውን ሲመርጥ አጋሩን አይጠይቅም። ይህ ሰው ምን ይባላል? ጥያቄውን ለአጎቴ አቀረብሁላቸው። አጎቴ ለብዙ ዓመታት የአጋሩ ድርጅት ሰው ሆነው በወረዳ ያገለገሉ ናቸው።

«አጎቴ፣ በዚያን ጊዜ እርስዎ ምን ነበሩ?»

«አባል ነበርሁ፣ ልጄ።»

«የግንባሩ?»

«የለም፤ የአጋሩ አባል።»

«ታዲያ ለግንባሩ ምን ነበሩ?»

ጥቂት ዝም ብለው «ደጋፊ» አሉ። ቀጥለውም ሣቁና፣ «አባቶቻችን ገባር ነበሩ፤ እኛ አጋር ሆንን፤ ቃሉ ተለወጠ እንጂ ቤት ይመታል» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ቀልድ ቢመስልም ከላይ በምዕራፍ ሀ ልብ እንድንለው ያልሁትን ነገር ይነካል። ከታች ሆኖ ሲታይ አንድ ስም፣ ከላይ ሆኖ ሲታይ ሌላ ስም መኖሩን ነው። ለአድልዎ እንዳይሆን በሌላው ወገን ያለውንም ክርክር ልጻፍ። አጋርነት በግንባሩ ሰዎች ዘንድ ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ የየክልሉ ሕዝብ በራሱ ድርጅት ራሱን እንዲያስተዳድር መተው ነው ተብሎ ይነገር ነበር። በእርግጥም ክልሉን ከአሶሳ ያስተዳድር የነበረው የአጋሩ ድርጅት ነው። ነገር ግን በራስ ቤት መሾምና በጋራው ቤት መምከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ኅዳር 21 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአባል ድርጅቶች ሦስቱ ከአምስቱ አጋሮች ጋር የብልጽግና ፓርቲን ውህደት ፈረሙ፤ ሕወሓት ውህደቱን አልተቀበለም። በዚያን ዕለት «አጋር» የሚለው የመንግሥት ቃል አበቃ። ትናንት አጋር የነበረው ሰው ዛሬ አባል ሆነ። ቃሉ ከወረቀት ቢጠፋም ከሰው አፍ ግን በአንድ ቀን አልጠፋም።

ረ. ኅብረቱን በስሙ ማብዛት

ሕዝቡ ለኅብረት ደጋፊ ስም ሲያጣ ቀላሉን መንገድ ይይዛል፤ የኅብረቱን ስም ወስዶ በ«ኦች» ያበዛዋል። በ1997 ዓ.ም. መኢአድ፣ ኢዴፓ መድኅን፣ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግና ቀስተ ደመና «ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ» በሚል ስም ሲቀናጁ፣ ደጋፊዎቻቸው «ቅንጅቶች» ተባሉ። ምልክቱ ሁለት ጣት ስለ ነበረ፣ ጣቱን ያነሣ ሁሉ ያለ ንግግር ታወቀ። ልብ ማለት የሚገባን ነገር፣ «ቅንጅቶች» የሚባሉት ሰዎች አብዛኞቹ ከአራቱ የየትኛውም ድርጅት አባል አልነበሩም። የወደዱት በሬዎቹን ሳይሆን ቀንበሩን ነው። አራቱ ሲለያዩም ደጋፊው ከማን በረት እንደሚገባ አላወቀም፤ መግቢያ አልነበረውምና።

ከዚያ በኋላ ሌሎች አፈጣጠሮች መጡ። በ2010 ዓ.ም. የኦሮሚያ መሪዎች ወደ ባሕር ዳር በሄዱ ጊዜ የሁለቱን ሕዝቦች መቀራረብ ለመጥራት «ኦሮማራ» የሚል ቃል ተሰማ፤ ሁለት ስሞች ተጨፍልቀው አንድ የሆኑበት ነው። በዚያው ዓመት ከሒሳብ ትምህርት «መደመር» የሚለው ቃል ወደ ፖለቲካ ገባ፤ ደጋፊው «ተደምሬያለሁ» አለ፣ የተጠራጠረው «አልተደመርሁም» አለ። ይህ ግስ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ ሰውየው ስለ ራሱ በራሱ አፍ ይናገራል። ጉድለቱ ደግሞ በመደመርና ባለመደመር መካከል ሌላ ስፍራ አለመስጠቱ ነው። እየነቀፈ የሚደመር ሰው በዚህ ሒሳብ አይገኝም።

ሰ. ባዶውን ስፍራ የሚሞላው ስድብ

ትክክለኛ ስም በጎደለበት ስፍራ ስድብ ይገባል። «ተለጣፊ» ማለት በራሱ የማይቆም፣ በሌላ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ትልቁ ድርጅት አቋቋማቸው ለተባሉ ድርጅቶች የተሰጠ ስም ነበር፤ ኋላ ግን ለተራው ደጋፊም ተረፈ። «አድርባይ» ከነፋሱ ጋር የሚዞር ነው። «ተላላኪ» የራሱ ሐሳብ የሌለው መልእክተኛ ነው። ሦስቱ ስድቦች የሚጋሩት አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ደጋፊው የራሱ አእምሮ የለውም የሚል ነው።

ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ጋር ወደ አንድ ለቅሶ ቤት ሄድን። በድንኳኑ ውስጥ ስለ ክልሉ ጉዳይ ወሬ ተነሥቶ ሳለ አንድ ወጣት፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ፣ አጎቴን በሰው ፊት «እናንተ ተለጣፊዎች» አላቸው። አጎቴ መልስ አልሰጡም፤ ለቅሶ ቤት ነውና። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ በዚያ ዘመን ሁለት ነገር አይቼ ነው የቆምሁት። የልጆቹ ትምህርት ቤት በየቀበሌው እንዲከፈት እፈልግ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ከትልቁ ቤት ጋር መስማማት ያስፈልግ ነበር። ሁሉን አልወደድሁም። ያልወደድሁትን በስብሰባ ተናግሬያለሁ። ይህን የሚል ቃል ካለህ ፈልግልኝ።»

እኔም ፈለግሁ። ያገኘሁት የቀረበው ቃል «ሂሳዊ ደጋፊ» ነው፤ እርሱም ከ1969 ዓ.ም. ደም ጋር የተቀበረ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ሲጠቃለል የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ያሳያል።

1ኛ፦ አማርኛ ለኅብረት ስሞች ባለጸጋ ነው፤ ለኅብረት ደጋፊ ግን ድኻ ነው። ያለው ቃል ወይ በጌታ፣ ወይ በድርጅት፣ ወይ በስድብ የሚጠራ ነው።

2ኛ፦ በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው ከራሱና ከሌላው የሚያገኘው ስም አይገጥምም። አንሳርና ድርቡሽ፣ አጋርና ገባር የዚህ ምሳሌዎች ናቸው።

3ኛ፦ መልካም ቃል በመጥፎ ሥርዓት ውስጥ ከዋለ ይጎድፋል። «አጋር» የጎደፈው ትርጉሙ ክፉ ሆኖ ሳይሆን፣ የድምፅ መስጫ እጅ ስላልተሰጠው ነው። እንግዲህ ስም መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ አጋር አባል ሲባል ድምፁም አብሮ መለወጡን በየጊዜው መመርመር ያስፈልጋል።

4ኛ፦ ለጥናት በምንጽፍበት ጊዜ የሚከተለውን አጠቃቀም ብንይዝ መልካም ይመስለኛል። በድርጅቱ መዝገብ የተጻፈውን «አባል»፤ ሳይጻፍ ድምፁንና ገንዘቡን የሚሰጠውን «ደጋፊ»፤ ለድርጅቶቹ ሳይሆን ለስምምነታቸው የቆመውን ደግሞ «የቅንጅቱ ደጋፊ» ወይም «የግንባሩ ደጋፊ» እያልን ኅብረቱን በዓይነቱ እንለይ። «ተለጣፊ»ና «ባንዳ» የሚሉትን ግን የተናጋሪውን አፍ ስንጠቅስ ካልሆነ በቀር በራሳችን ብዕር አንጻፋቸው። ስድብ የሚነግረን ስለ ተሳዳቢው እንጂ ስለ ተሰዳቢው አይደለም።

የአጎቴን ጥያቄ በሙሉ መልሻለሁ ለማለት አልደፍርም። በሱዳን አረብኛ ሰዎች ለጋራ ሥራ ተጠርተው የሚወጡበት «ነፊር» የሚባል ልማድ አለ፤ በእኛም «ደቦ» አለ። ለደቦ የመጣ ሰው የባለ ማሳው ሎሌ አይባልም፤ ተለጣፊም አይባልም፤ ነገ በእርሱ ማሳ ላይ ሌሎች እንደሚመጡለት ያውቃልና። ወደ አሶሳ ስመለስ ለአጎቴ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። «ታዲያ በእኔ ማሳ መቼ መጡ?» ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። የዚያ መልስ ግን በመዝገበ ቃላት የሚገኝ አይደለም።

በጽሑፉ ስሕተት ያገኘ አንባቢ፣ በተለይም በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሺናሻ፣ በማኦና በኮሞ ቋንቋዎች ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ ቃል የሚያውቅ ተማሪ፣ ለሚቀጥለው እትም እንዲጽፍ በትሕትና እጠይቃለሁ።